የመዳፍ ንጋት

ጥር ነው፤ ዊኒፔግ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
የበረዶ መጥረጊያው መኪና፣ ባለ ቢጫ መብራት፣
መንገዱን እየላገ አለፈ በመስኮታችን ሥር።
ሰዓቱ አሥራ ሁለት፣ ፀሐይ ተነሺ የምትባልበት ነበር፤
እዚህ ግን ሁለት ተኩል ሊሆን ጥቂት እስኪቀር
እሷም እንደ ልጄ ተከናንባ ነው የምታድር።

ትምህርት ቤት ደግሞ ፀሐይን አይጠብቅም፤
አውቶቡሱ አንድ ተኩል ላይ ይመጣል፣ አያረፍድም።

በፊት የማስነሳው በጉሮሮዬ ነበር።
"ተነስ!" ከኮሪደሩ፣ ካልሲዬን ሳጠልቅ፤
"ተነስ!" አፌ አረፋ ሞልቶ፣ ጥርሴን ስፍቅ፤
"በእምነት! ተነስ አልኩህ!" ይሄኔ ግድግዳው ሲመታ እሰማለሁ፣
የጎረቤቴ የሚስተር ኮዋልቹክ ጡጫ ነው፣ አውቀዋለሁ።
ልጁም ከብርድ ልብሱ ይወጣል አንገቱን ደፍቶ
እንደ ተከሳሽ፣ ዳኛ ፊት ተጠርቶ።
ማባነንን ማንቃት ብዬው ስንት ዓመት ኖርኩ!

ወይንሸት ከሌሊት ፈረቃ፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ
ስትገባ የምታገኘው እንዲህ ነው፦ ሁለት ኩርፊያ፣
አንዱ ሻይ ላይ፣ አንዱ ጫማ ላይ ያቀረቀረ።

አንድ ቅዳሜ ክብ ነገር ይዛ መጣች፣ ሙልሙል የሚያህል፤
ከሥራ ባልደረባዋ፣ በአሥራ አምስት ዶላር፤ መመሪያው ጠፍቷል።
"ይሄ ያነጋል" አለች።
"ምኑን?"
"ሌሊቱን። ቀስ እያለ፣ በግማሽ ሰዓት።"
ሳቅሁ። "ለንጋትም ሶኬት?"
"መንጋቱ ይነጋል፤ አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ።"

ሰኞ፣ አፌን ዘግቼ፣ የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀምጬ
በበሩ ስንጥቅ አየሁ፣ ትንፋሼን ውጬ።
መጀመሪያ ፍም ነበር፣ አመድ የለበሰ፤
ቀጥሎ የበሰለ ፓፓያ፤ ከዚያ ቅቤ ሆኖ ፈሰሰ
በትራሱ፣ በሒሳብ ደብተሩ፣ በወደቀው ካልሲ ላይ።
(የወፍ ድምፅም ነበረው፤ የየት አገር ወፍ እንደሆነች እንጃ፤
እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ስትልብን አጠፋናት።)
ለካ ልጄ ሲነቃ ቀድሞ የሚነሳው ቅንድቡ ነው።
ለካ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጥላ አለ፣ ጢም ሊሆን ያሰበ።
አሥራ ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ
ሲነቃ ያየሁት ያን ለታ ነው፣ ሳልጮህበት አድሬ።

ድምፄን ጡረታ አወጣሁት። አሁን ለትንንሽ ነገር ነው የምጠራው፦
"ጓንትህን!" "ሻዩ ሳይቀዘቅዝ!" "ምንድነው ብቻህን የሚያስቅህ?"

በየካቲት፣ አንድ ሌሊት፣ ነፋሱ ገመድ በጠሰ፤
ሰፈሩ ባንዴ ጨለመ፣ ማሞቂያው ተነፈሰ፤
የክቡም ነገር ዓይኑ ጠፋ።
ስልኬ ቀሰቀሰኝ። አፌን ልከፍት አልኩና ተውኩት።
የእጅ ባትሪ ይዤ ገባሁ፣ በመዳፌ ከድኜ አበራሁት።
ሥጋዬ ቀላ። ደሜ ፍም መሰለ።
ትንሿን ጣቴን አነሳሁ፤ አንድ ክር ብርሃን ጣሪያው ላይ ዋለለ።
ቆየሁ። ባለ ቀለበቷን። ቆየሁ። የመሃሏን።
መጨረሻ ላይ ሌባ ጣቴን፣ ስቆጣ የምቀስራትን፤
እሷን ለማንሳት ብዙ ጊዜ ፈጀሁ።

ክንዴ ዝሏል።
ቅንድቡ ተነሳ።
"ዛሬ ፀሐይዋ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣
"ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች።"

ኪሴ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ወይንሸት ናት፦
"መንገዱ ተዘግቷል። ትምህርት የለም። ተወው ይተኛ።"

አንድ በአንድ መለስኳቸው፣ ከሌባ ጣቴ ጀምሬ፤
የመሃሏን፣ ባለ ቀለበቷን፣
ትንሿን፣ እንደ በር ገርበብ አድርጌ።
በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ በዊኒፔግ፣
ፀሐይ ጠለቀች።